የግራር ሙጫን ከጄላቲን ጋር አስሮ የቁስል መሸፈኛ መሥራት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ፤ ክረምት 2017 ዓ.ም.

ሰኔ 16

ዕቃው ተሟልቷል፦ 2 ኪሎ የግራር ሙጫ ከመርካቶ፣ 500 ግራም የከብት ጄላቲን፣ 100 ግራም ሶዲየም ሜታፔሪዮዴት (ከዚህ በኋላ ፔሪዮዴት)፣ 5 ሊትር ባለ 96 በመቶ ኤታኖል። የሚሠራው እርጥብ ቁስል ላይ የሚተኛ ስስ ጄል ነው። ጄላቲን ብቻውን በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል፤ ስለዚህ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያስር ነገር ይፈልጋል። የተለመደው ማሰሪያ ግሉታራልዲሃይድ ሲሆን ትራፊው ሕዋስ ይገድላል። በእሱ ፋንታ የሙጫውን የስኳር ቀለበቶች በፔሪዮዴት ከፍተን አልዲሃይድ (በቀላሉ የሚያያዝ የካርቦንና ኦክሲጅን ጫፍ) እናወጣበታለን፣ አልዲሃይዱ ከጄላቲኑ አሚን (ናይትሮጅን ካለበት ጫፍ) ጋር ይያያዛል። ማሰሪያው ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ እንደ ግሉታራልዲሃይድ በቀላሉ ሾልኮ አይወጣም።

መርካቶ ላይ "ሙጫ" የሚለው ስም ብዙ ነገር ያቅፋል። ዕጣን፣ ከርቤና የግራር ሙጫ በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የጆንያ ትራፊ ሲጠረግም ይደባለቃሉ። መለያው ቀላል ነው፦ የግራር ሙጫ በውሃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ በአልኮል አይሟሟም። ዕጣን በተቃራኒው ውሃውን ወተት አስመስሎ ይተወዋል፣ አብዛኛው ክፍሉ ግን በአልኮል ይሟሟል። ለግዢ የሚሄድ ሰው ትንሽ ጠርሙስ አልኮል በኪሱ ይያዝ።

የሚያስቸግረው ሌላው መለየት ነው፤ አካሲያ ሴኔጋል ነው ወይስ አካሲያ ሴያል? ሁለቱም ግራር ናቸው፣ ሁለቱም በውሃ ይሟሟሉ። የሴኔጋሉ ሙጫ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ እንደ መስታወት ይሰበራል፤ የሴያሉ ጠቆር ይላል፣ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ዓይን ግን ይሸወዳል፤ ቁርጡን የሚነግረው ፖላሪሜትር፣ ሙሙት ብርሃንን ስንት ዲግሪ እንደሚያዞር የሚለካው መሣሪያ፣ ነው። የሴኔጋል ሙጫ ብርሃንን ወደ ግራ ከ26 እስከ 34 ዲግሪ፣ የሴያል ደግሞ ወደ ቀኝ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ያዞራል። በ1 በመቶ ሙሙትና በ20 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ሲለካ ንጹሕ ሴኔጋል −0.6 ዲግሪ አካባቢ ማሳየት አለበት። የእኛው ዜሮ አጠገብ ቆመ። ይህ ማለት ሙጫው ብርሃን አያዞርም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ተደባልቀው እርስ በርስ ተጣፍተዋል። ሁለቱን ኪሎ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ መልቀም ግድ ሆነ። ከ2 ኪሎ 1.1 ኪሎ የሚያስተማምን ተረፈ፤ ይህኛው −0.57 አነበበ፣ እርጥበቱ ሲቀነስለት ልክ ይመጣል።

ከዚያ ሁለት ፈጣን ፍተሻዎች ተደረጉ። አንድ ጠብታ ፌሪክ ክሎራይድ ሲጨመር ካልጠቆረ ታኒን የለውም፤ ተፈልቶ በቀዘቀዘው ሙሙት ላይ አዮዲን ሲንጠባጠብ ሰማያዊ ካልሆነ ስታርች አልተጨመረበትም። ሁለቱንም አለፈ።

ሰኔ 18

ማጣራት። 200 ግራም ሙጫ በሙቀጫ ተወቅጦ በ800 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አደረ። ጠዋት 85 ዲግሪ ላይ ለ10 ደቂቃ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ከዛፉ የመጡ ኦክሲዴዝና ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይሞች ካልሞቱ ሙሙቱ ቆይቶ ይጠቁራል። የፈላ ውሃ መታጠቢያ የሚጠቀም ሰው እዚህ ከተማ ውሃ 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ ያስታውስ፤ ከዚያ በላይ ልሂድ ቢል አይሄድለትም።

የዛፍ ቅርፊቱና አሸዋው በሁለት ድርብ ሻሽ፣ ቀጥሎ በጥቅጥቅ ናይለን ተጠለለ። በደቂቃ 4,000 ዙር በሚሽከረከር ማዝቀጫ (ሴንትሪፊዩጅ) ለ15 ደቂቃ ሲዞር ታች የቀረው ጭቃ ከተጠበቀው በላይ ነበር። ከዚያ ሙሙቱን በቀጭኑ፣ እያማሰሉ፣ በ3 እጥፍ ኤታኖል ውስጥ ማፍሰስ ነው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፦ አልኮሉን በሙጫው ላይ ካፈሰሱ ሙጫው ተጠቅልሎ ድድ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ቆሻሻም አብሮት ይታሰራል።

የመጀመሪያው ፍሰት አልረጋም። ወተት የመሰለ ደመና ሆኖ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመ። ሙጫው በውሃ ውስጥ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት አለው፤ ጨው ካነሰ ቅንጣቶቹ እየተገፋፉ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የገበታ ያልሆነ ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ በትንሽ ውሃ ሟሙቶ ሲጨመር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነጭ ጥጥ እየሆነ ወረደ። በአልኮል አንድ ጊዜ ታጠበ፣ በ40 ዲግሪ ደረቀ።

ስለ አልኮሉ አንድ ነገር። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ የሚያወጡት ዓይነት ኤታኖል ለዚህ ሥራ በቂ ነው፤ መጠጥ እንዳይሆን ሌላ ነገር የተጨመረበትን ግን አንፈልግም። 50 ሚሊ ሊትር በመስታወት ሳህን ላይ አትንኖ የሚቀር ዝቃጭ ወይም ሽታ ካለ ይመለስ።

(በነገራችን ላይ ሙጫና ኮላጅን እዚህ አገር የተገናኙት ዛሬ አይደለም። የቁም ጸሐፊው ጥላሸቱን በሙጫ አስሮ ብራና ላይ ይጽፋል፤ ብራና ደግሞ ኮላጅን ነው፣ ጄላቲን የተቀቀለ ኮላጅን። እነሱ ሙጫውን እንዳለ ተጠቀሙበት፣ እኛ ቀለበቱን ሰብረን።)

ሰኔ 20

ጄላቲኑ ከረጢት ላይ "የከብት" ከማለት በቀር ዓይነቱ አልተጻፈም። ዓይነት ኤ በአሲድ፣ ዓይነት ቢ በአልካሊ የሚዘጋጅ ነው፤ ሙሌታቸው ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ለኤ ከ7 እስከ 9፣ ለቢ 5 አካባቢ ነው። በ1 በመቶ ሙሙት፣ ጨዉ ከወጣለት በኋላ፣ ፒኤቹን ከ4 እስከ 9 እየቀያየርን ብርሃን ፊት አየነው። 5 አጠገብ ደመነ፤ ዓይነት ቢ ነው። ዓይነት ኤ በብዛት ከአሳማ ቆዳ ስለሚመጣ ጥያቄው የኬሚስትሪ ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገላው ላይ እንዲለጠፍ የማይፈቅደውን ነገር ከመነሻው አለመሥራት ይሻላል።

ሰኔ 23

ኦክሲዴሽን (ሙጫውን በፔሪዮዴት መክፈት)፣ ጥቅል 1።

ስሌቱ ይህ ነው። አንድ የስኳር ቀለበት በአማካይ 162 ግራም በሞል (ሞል የሞለኪውል መቁጠሪያ ነው) ቢባል 20 ግራም ሙጫ 0.123 ሞል ቀለበት አለው። ከመቶው 30ውን ለመክፈት 0.037 ሞል ፔሪዮዴት ያስፈልጋል፤ በ213.9 ሲባዛ 7.9 ግራም።

20 ግራም ሙጫ በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 7.9 ግራም ፔሪዮዴት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ። ቢከሩ በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቀለለ፤ ብርሃን ፔሪዮዴቱን ወደ ሌላ ጥፋት ስለሚመራው ሰንሰለቱ ያለ አግባብ ይቆራረጣል። ፔሪዮዴቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ገባ፣ 6 ሰዓት ሙሉ በማግኔት ተማሰለ። ፔሪዮዴት ኃይለኛ ኦክሲዳይዘር ነው፤ ከአልኮል ጠርሙስና ከወረቀት ክምር ራቅ ተደርጎ ይመዘን።

ፒኤቹ ከ4.6 ተነስቶ ማታ ላይ 3.1 ደረሰ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ፔሪዮዴት የሚቆርጠው ጎን ለጎን ቆመው እያንዳንዳቸው ሃይድሮክሲል (የኦክሲጅንና ሃይድሮጂን ጥንድ) በያዙ ሁለት ካርቦኖች መካከል ያለውን ትስስር ነው። የግራር ሙጫ ግንድ በ1 እና በ3 የተያያዘ ጋላክቶስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥንድ የለውም፤ የሚጠቃው ቅርንጫፉ ላይ ያለው አራቢኖስ፣ ራምኖስና ግሉኩሮኒክ አሲድ ነው። ጫፍ ላይ ካሉት መካከል ሦስት ተከታታይ ሃይድሮክሲል ያላቸው ሁለት ጊዜ ሲቆረጡ ፎርሚክ አሲድ ይለቃሉ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል፦ ሁሉም ፔሪዮዴት ወደ ጠቃሚ አልዲሃይድ አይለወጥም፣ "30 በመቶ" የሚለው ቁጥርም ማዘዣ እንጂ ውጤት አይደለም። ውጤቱ በቲትሬሽን (የጠብታ ቆጠራ) ይታወቃል።

ማቆሚያው ኤቲሊን ግላይኮል፣ 2.1 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ ሰዓት። እዚህ ላይ ቀይ መስመር ይሠመር፦ የተረፈው ፔሪዮዴት ግላይኮሉን ሲቆርጥ የሚወጣው ፎርማልዲሃይድ ነው፤ እሱም እንደ ግሉታራልዲሃይድ ጄላቲን የሚያስር ትንሽ መርዛማ ሞለኪውል ነው።

ሰኔ 24 – 27

ዳያሊሲስ፤ ትንንሽ ሞለኪውል ብቻ በሚያሳልፍ ቱቦ ማጠብ። ጠፍጣፋ ስፋቱ 43 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 12–14 ሺህ ዳልተን (ከዚህ የሞለኪውል ክብደት በታች ያለውን የሚያሳልፍ) ቱቦ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ለ300 ሚሊ ሊትር 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃ ነበር፤ 75 ተቆረጠ። ሙጫው ውሃ ይስባል፣ ጢም ተደርጎ የተሞላ ቱቦ ሌሊቱን ተነፍቶ ቋጠሮው ላይ ይፈነዳል። 5 ሊትር ባልዲ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ውሃው በቀን ሦስቴ ይቀየራል።

መጨረሱን የምናውቀው በብር ናይትሬት ነው፦ ከባልዲው 0.5 ሚሊ ሊትር በ0.5 ሚሊ ሊትር ባለ 1 በመቶ ብር ናይትሬት ላይ ሲጨመር ነጭ ዝቃጭ ካልታየ አዮዴቱ (ፔሪዮዴቱ ሥራውን ሲጨርስ የሚሆነው ጨው) ወጥቷል። በ3ኛው ቀን አሁንም ነጭ ነበር። በ4ኛውም። ቱቦውን ከመጠርጠር በፊት ውሃውን ብቻ፣ ከማጣሪያው ቀጥታ ተቀድቶ፣ ስንፈትሸው እሱም ነጣ። የማጣሪያው መሙያ አልቆ የቧንቧ ክሎራይድ እያሳለፈ ነበር። መሙያው ሲቀየር ሁለት ቅያሬ በቂ ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የሚፈተሸው ውሃው ራሱ ነው።

ሐምሌ 1

ፍሪዝ ድራየር፤ በረዶ የሆነውን በቫኪዩም የሚያደርቅ መሣሪያ። ሙሙቱ በ1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በትሪ ተዘርግቶ በረዶ ሆነ፣ ገባ። 11ኛው ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ 25 ደቂቃ። ቫኪዩሙ ሲለቅ ከትሪው አንዱ ጥግ ላብ አወጣ። እንዲህ ሲሆን ፓምፑን መልሶ መጀመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ የቀለጠው ክፍል በቫኪዩም ውስጥ ይፈላና አረፋው እስከ ኮንደንሰሩ ይደርሳል። ትሪው ወጥቶ እንደገና ማቀዝቀዣ ውስጥ አደረ፣ በማግስቱ ከመጀመሪያው ተጀመረ። የቀለጠችው ጥግ ተሰብስባ ቅርፊት ስለሆነች ተለይታ ወጣች።

ድራየር የሌለው ሰው በምድጃ ላድርቅ እንዳይል። የተከፈተ ሙጫ ሲሞቅ አልዲሃይዶቹ ከጎረቤት ሃይድሮክሲል ጋር ይያያዛሉ፣ ደረቁም በውሃ መሟሟቱን ይተዋል።

ሐምሌ 4

አልዲሃይድ ቆጠራ። 17.4 ግራም ሃይድሮክሲላሚን ሃይድሮክሎራይድ በ1 ሊትር (0.25 ሞላር)፣ ሜቲል ኦሬንጅ ተጨምሮበት። 0.100 ግራም የተከፈተ ሙጫ በ25 ሚሊ ሊትር፣ ተከድኖ አደረ። እያንዳንዱ አልዲሃይድ አንድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከቀይ ወደ ቢጫ እስኪዞር ይቆጠራል።

ባዶው ናሙና ያልተከፈተው ሙጫ መሆን አለበት፣ ውሃ አይደለም። ሙጫው በተፈጥሮው ግሉኩሮኒክ አሲድ አለው፤ ያንን ሳይቀንሱ የሚገኝ ቁጥር ሁልጊዜ ከእውነቱ ይበልጣል። ልዩነቱ 2.4 ሚሊ ሊትር መጣ፤ ማለትም 2.4 ሚሊሞል በግራም። 30 በመቶው ሁሉ ወደ አልዲሃይድ ተለውጦ ቢሆን 3.7 ይሆን ነበር።

ሐምሌ 7

የመጀመሪያ ድብልቅ፣ ያለ በፈር (ፒኤቹን አጽንቶ የሚይዝ ሙሙት)። ጄላቲን 10 በመቶ (በቀዝቃዛ ውሃ 30 ደቂቃ አብጦ፣ በ45 ዲግሪ ተሟምቶ)፣ ሙጫ 10 በመቶ። ገና ሲገናኙ ወተት ሆነ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ታች ወፍራም ማር የመሰለ፣ ላይ ጥርት ያለ ውሃ ተለያየ። ፒኤቹ 4.2 ነበር።

ይህ አልተበላሸም፣ ሌላ ነገር ሆነ እንጂ። ከ5 በታች ጄላቲኑ አዎንታዊ፣ ሙጫው አሉታዊ ስለሚሆን ይሳሳቡና ተጣምረው ከውሃው ይወጣሉ። ቡንገንበርግ ዴ ዮንግና ክሩይት በ1929 እ.ኤ.አ. ኮአሰርቬሽን ብለው የሰየሙት ክስተት ነው፤ ጄላቲንና የግራር ሙጫም እስከ ዛሬ የዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። መድኃኒት በጥቃቅን ከረጢት ለመጠቅለል ይህንኑ ሆን ብለው ያደርጉታል። ለእኛ ግን ወጥ ጄል ስለሚያስፈልግ ድብልቁ ከ7 በታች እንዳይወርድ።

ሐምሌ 9

ሙጫው በፎስፌት በፈር፣ ፒኤች 7.4። ጠርሙሱ ሲገለበጥ በ4 ደቂቃ አልፈሰሰም፤ "ጄል ሆነ" ተብሎ ተመዘገበ። ይህ መዝገብ ተሰርዟል።

የክፍሉ ሙቀት 17 ዲግሪ ነበር። ሐምሌ ላይ አራት ኪሎ ውስጥ ጄላቲን ምንም ሳይጨመርበት፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ብቻ ይረጋል። ያው ጠርሙስ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ በ3 ደቂቃ ፈሰሰ። ጊዜ የሚለካው በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ነው፤ ማረጋገጫው ደግሞ የረጋው ቁራጭ 50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሳይሟሟ መገኘቱ። ሞቃት አገር በተጻፈ አሠራር "በክፍል ሙቀት" የሚል ሐረግ ሲገኝ ስንት ዲግሪ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሐምሌ 11

አሚን ከአልዲሃይድ ጋር በደንብ የሚያያዘው ሃይድሮጂኑን ሲጥል ነው፤ ለዚያ ፒኤች 9 አካባቢ ይመቻል። ጄላቲኑ በ0.05 ሞላር ቦራክስ (በሊትር 19 ግራም) ተሟሟ። በ0.1 ሞላር መሥራት ይቻላል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን ጠርሙሱ ታች ክሪስታል ይጥላል፤ ከላይ የሚቀዳው ከዚያ ወዲያ 0.1 አይደለም። ቦራክሱ ወደ ጄላቲኑ እንጂ ወደ ሙጫው አይጨመር፤ የተከፈተ ሙጫ በአልካሊ ውስጥ ብቻውን ሲቆይ ይቆራረጣል፣ ቡኒ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በብዙ አሠራር ሙጫና ጄላቲን "እኩል በእኩል" ይባላል፣ በግራም። ጄላቲን በግራም 0.3 ሚሊሞል ገደማ ነጻ አሚን ነው ያለው። የእኛ ሙጫ 2.4 ሚሊሞል አልዲሃይድ አለው። ግራም በግራም ቢቀላቀሉ ለአንድ አሚን ስምንት አልዲሃይድ ይደርሰዋል፤ ሰባቱ ሥራ ፈት ሆነው ጄሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ቁስሉ ላይ ሲደርሱ የሰውየውን ፕሮቲን ይይዛሉ። ስለዚህ መመዘን ሳይሆን መቁጠር።

20 ሚሊ ሊትር ጄላቲን (2 ግራም፣ 0.6 ሚሊሞል አሚን) ተይዞ ሙጫው ብቻ ተለዋወጠ፣ ሁሉም በ37 ዲግሪ።

20 ሚሊ ሊትር ሙጫ (8 ለ 1)፦ ማማሰያው ዘንግ እንደተተከለ ያዘ፣ ሳህን ላይ ለማፍሰስ ጊዜ አልሰጠም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ብርቱካናማ ሆነ።

5 ሚሊ ሊትር (2 ለ 1)፦ 6 ደቂቃ። ፈዛዛ ቢጫ፣ ተጎትቶ የሚመለስ። 50 ዲግሪውን አለፈ።

2.5 ሚሊ ሊትር (1 ለ 1)፦ ከ25 ደቂቃ በላይ፣ ለስላሳ፤ በ50 ዲግሪ ጠርዙ ተሟሟ። በወረቀት ላይ ልክ ነው፣ ነገር ግን ሁሉም አልዲሃይድ አሚን አያገኝም፤ አንዳንዱ ከገዛ ሃይድሮክሲሉ ጋር ተቆልፏል።

ከእንግዲህ 2 ለ 1፣ ትራፊውን አልዲሃይድ ደግሞ በግላይሲን (አሚን ባለው ትንሽ ሞለኪውል) መዝጋት። ቢጫው የጥፋት ምልክት አይደለም፤ የአሚኑና የአልዲሃይዱ ትስስር (የሺፍ ትስስር) ቀለም ነው። ቀለሙ በአንድ ሳህን ውስጥ ቦታ ቦታ ከተለያየ ግን ማማሰሉ በቂ አልነበረም ማለት ነው።

ሐምሌ 16

በ9 ሳንቲ ሜትር ፔትሪ ዲሽ 25 ሚሊ ሊትር፣ ከግሊሴሮል ጋር (0.63 ግራም፣ ከጄላቲንና ከሙጫው ደረቅ ክብደት ሩብ)። አረፋ ለማስወጣት ጄላቲኑ ከመቀላቀሉ በፊት በ45 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ ከተቀላቀለ በኋላ የሚወጣ አረፋ የለም።

ክረምቱ ሥራውን ያዘ። በበጋ እዚህ ፊልም (በስሱ የተዘረጋው ጄል) በአንድ ሌሊት ይደርቃል፣ አንዳንዴም ጠርዙ ተጠቅልሎ ይሰነጠቃል። አሁን በ3ኛው ቀን ገና ያጣብቃል፤ በ4ኛው አንዱ ሳህን ላይ አረንጓዴ ነጥብ ታየ፣ ሻጋታ። ጄላቲን የባክቴሪያ ምግብ መሆኑን የሚረሳ ሰው እንዲህ ይማራል። ከዚህ በኋላ ሳህኖቹ ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ካቢኔ ውስጥ 30 ሰዓት፣ ቀጥሎ በተዘጋ ዴሲኬተር (የማድረቂያ ዕቃ) ከጠገበ ፖታሲየም ካርቦኔት ሙሙት በላይ ይቀመጣሉ። ይህ ጨው የአየሩን እርጥበት 43 በመቶ ላይ ይይዛል፤ ውጭ ዝናብም ይሁን ፀሐይ የሐምሌው ፊልምና የጥር ፊልም ይነጻጸራሉ።

ሐምሌ 19

የብርጭቆ ዕቃና በፈር ማምከን። አውቶክሌቩ (በግፊት እንፋሎት የሚያመክነው ዕቃ) ላይ "1 ባር፣ 15 ደቂቃ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፣ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ 0.77 ባር ገደማ። 1 ሲደመር 0.77፣ እንፋሎቱ 116 ዲግሪ ላይ ቆሟል። ለ121 ዲግሪ ጌጁ 1.28 ባር ማንበብ አለበት። ወረቀቱ ተቀይሯል፣ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ደግሞ ጌጁን ትቶ ሙቀቱን ይመን። ፊልሙ ራሱ አውቶክሌቭ አይገባም፤ ጄላቲኑ ይሰባበራል። ለላቦራቶሪ ሙከራ 70 በመቶ ኤታኖል 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በንጹሕ በፈር ሦስት ጊዜ።

ሐምሌ 24

የማበጥ ሙከራ፣ ፒኤች 7.4፣ 37 ዲግሪ። በ24 ሰዓት ውስጥ ወጥቶ ሲደርቅ ፊልሙ 30 በመቶ ያህል ክብደት አጥቶ ተገኘ። "በአንድ ቀን ሲሶው ሟሟ" ከመባሉ በፊት ሳህኑ ውስጥ ምን እንደነበር እንደምር፦ ጄላቲን 2.00፣ ሙጫ 0.50፣ ግሊሴሮል 0.63፣ ቦራክስ 0.38። ጠቅላላ 3.51 ግራም፤ ከዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ 1.01 ግራም፣ በምንም ያልታሰሩ ናቸው። 29 በመቶ። የወጣው ጄሉ አይደለም። ቦራክስ ደግሞ በክፍት ቁስል ላይ እንዲቀር የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ቅደም ተከተሉ ተለወጠ። ጄሉ እንደረጋ፣ ሳይደርቅ፦ 0.1 ሞላር ግላይሲን 1 ሰዓት፣ የተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ ለየ30 ደቂቃ፣ በመጨረሻ 100 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ግሊሴሮል ውስጥ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ማድረቅ። ላዩ ላይ ይታይ የነበረው ነጭ አመድም በዚሁ ጠፋ፤ ቦራክስ ነበር።

የእንፋሎት ማሳለፍ፦ አፉ 1.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብልቃጥ፣ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ፊልሙ እንደ ክዳን ታስሮ፣ 37 ዲግሪ። ለቁስል መሸፈኛ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ተስማሚ መጠን በቀን ከ2,000 እስከ 2,500 ግራም በካሬ ሜትር ነው፤ በዚህ አፍ ስፋት ከ0.35 እስከ 0.44 ግራም በቀን ማለት ነው፣ ስለዚህ ሚዛኑ ሚሊ ግራም ማንበብ አለበት። እንፋሎት በስስ አየር ውስጥ ፈጥኖ ስለሚሄድ ከሌላ አገር ቁጥር ጋር ከማነጻጸር በፊት ክዳን የሌለው ብልቃጥ ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ነሐሴ 3

ጥቅል 2 ከጥቅል 1 በእጥፍ ፈጥኖ ረጋ፣ ጠንካራም ሆነ። ደስ የሚል አልነበረም፤ በተመሳሳይ ቀመር የተሻለ ውጤት ሲመጣ የሆነ ነገር ገብቷል።

ጥቅል 2 ዳያሊሲስ አልተደረገም። ጊዜ ለመቆጠብ በአልኮል ሁለት ጊዜ ተዘቅጦ፣ በፖታሲየም አዮዳይድና ስታርች ወረቀት ተፈትሾ፣ ወረቀቱ ሰማያዊ ስላልሆነ አልፏል። ወረቀቱ ግን በገለልተኛ ፒኤች የሚያየው ፔሪዮዴትን ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ግላይኮሉ አስቀድሞ ጨርሶታል። አዮዴቱ በአልኮል ስለማይሟሟ ከሙጫው ጋር አብሮ ወርዷል፤ ብር ናይትሬት ተጠቅመን ቢሆን ወዲያው ይታይ ነበር። ከዚህ የባሰው ፎርማልዲሃይዱ ነው።

ማረጋገጫው የሺፍ ሪኤጀንት፣ አልዲሃይድ ሲያገኝ ሐምራዊ የሚሆን ፈሳሽ፣ ሆነ። የፊልሙ ማውጫ ፈሳሽ (ፊልሙ የተዘፈዘፈበት) በዳያሊሲስ ቱቦ ታስሮ በትንሽ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ተቀመጠ፤ ቱቦውን ሊያልፍ የሚችለው ትንሽ ሞለኪውል ብቻ ነው፣ የሙጫ ስባሪ አይደለም። ከውጭው ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ላይ ሁለት ጠብታ ሪኤጀንት። የጥቅል 1 ውሃ እንደነበረ ቀረ። የጥቅል 2 በመጀመሪያው ደቂቃ ሐምራዊ ጭረት አወጣ፣ ከታች ወደ ላይ እየተዘረጋ፣ በ5 ደቂቃ ሙሉው እንደ በሰለ ባሕር ቁልቋል ፍሬ ቀላ። ያ ጥንካሬ የሙጫው ሳይሆን የፎርማልዲሃይድ ነበር። ጥቅል 2 ተጥሏል፣ ከእሱ የተሠሩት ስድስት ፊልሞችም።

ይኸው ሪኤጀንት ለፊልሙ ራሱም ያገለግላል። ከግላይሲን በፊት የተቆረጠ ጠርዝ ይቀላል፤ ከ1 ሰዓት ግላይሲን በኋላ የተቆረጠው ፈዛዛ ቢጫውን ይዞ ይቆያል። 20 ደቂቃ ብቻ የቆየው ግን ሲከፈል መሃሉ ላይ ቀጭን ሐምራዊ መስመር ነበረው፤ ግላይሲኑ እስከዚያ አልደረሰም። ስለዚህ 1 ሰዓት ትንሹ ነው።

ነሐሴ 6

ለሕዋስ ሙከራ ማውጫ ማዘጋጀት። ደረቁ ፊልም 0.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአይኤስኦ 10993-12 (የሕክምና ዕቃ መፈተሻ ዓለም አቀፍ ደረጃ) መሠረት 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ለ1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለቱም ገጽ ይቆጠራል። 3 በ3 የሆነ ቁራጭ 18 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ 3 ሚሊ ሊትር ሚዲየም (የሕዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ)። ነገር ግን ፊልሙ ራሱ ስፖንጅ ነው፤ 3ቱን ሚሊ ሊትር ጠጥቶ የሚመለስ ፈሳሽ ያሳጣል። መጀመሪያ የሚጠጣው መጠን ለብቻው ይለካና በላዩ ይጨመራል። 24 ሰዓት፣ 37 ዲግሪ። በአይኤስኦ 10993-5 የሕዋሱ ሕይወት ከ70 በመቶ በታች ከወረደ መርዛማ ነው ተብሎ ይያዛል። ከጥቅል 1 ሦስት ቁራጭ፣ ያልታሰረ ጄላቲን አንድ፣ ሆን ተብሎ ግላይሲን ያልነካው አንድ ተልከዋል። የመጨረሻው ካልወደቀ ሙከራው ራሱ አያይም ማለት ስለሆነ ውጤቱን የምናነበው ከእሱ ጀምረን ነው።

ነሐሴ 10

ጥቅል 3 በ20 በመቶ ኦክሲዴሽን፦ 20 ግራም ሙጫ፣ 5.3 ግራም ፔሪዮዴት፣ ግላይኮል 1.4 ሚሊ ሊትር። አልዲሃይዱ ስለሚያንስ 2 ለ 1 ለመጠበቅ ሙጫው ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ ይሆናል፤ ስንት እንደሆነ ቲትሬሽኑ ሳይወጣ አይጻፍ። ቱቦው አሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የሦስተኛው ውሃ ቅያሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ፤ ተረኛው መጀመሪያ የማጣሪያውን ውሃ በብር ናይትሬት ይፈትሽ፣ ቀጥሎ ባልዲውን።